የአባላዘር በሽታ ሕክምና፦ በምልክት ወይስ በላቦራቶሪ?

በወሲብ ንግድ ለተሰማሩ ሴቶች የአባላዘር ሕክምና የሚያቅድ ባለሙያ፣ በሚታየው ምልክት ተመርቶ ወዲያው ማከም ይሻላል ወይስ የላቦራቶሪ ውጤት መጠበቅ የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይገጥመዋል።

በወጪና በቅለት የምልክቱ መንገድ ይቀድማል። ነርሷ ስለ ፈሳሹ፣ ስለ ቁስሉና ስለ ታችኛው ሆድ ሕመም ጠይቃ፣ መርምራ፣ መድኃኒቱን በዚያው ቀን ትሰጣለች፤ ሌሊቱን ሠርታ ከሰዓት በኋላ ብቻ ጊዜ ለምታገኝ፣ ነገም ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ ለምትችል ሴት ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ላቦራቶሪው መሣሪያ፣ መብራትና መመላለስ ይፈልጋል።

ስጋቱን ስንመዝን ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። ጨብጥና ክላሚዲያ በብዙ ሴቶች ላይ ምልክት ስለማያሳዩ፣ «ምን ያምሻል?» ስትባል «ደህና ነኝ» የምትል ሴት ሳትታከም ትመለሳለች፤ ውሎ አድሮም የማሕፀን ቱቦዋ ተጎድቶ መካንነት ሊከተል ይችላል። በአንጻሩ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ በሌላ ምክንያት ስለሚመጣ አንቲባዮቲክ ያለአግባብ ይሰጣል፤ ጨብጥ ደግሞ መድኃኒት በመላመድ የታወቀ ነው።

ቂጥኝ ከክርክሩ ውጪ ነው ባይ ነኝ፤ ከጣት በሚወሰድ የደም ጠብታ በ20 ደቂቃ ገደማ ይለያልና። ሆኖም ይህ ምርመራ ቀድሞ የታከመችንም ሴት ፖዘቲቭ ሊያሳይ ስለሚችል የሕክምና ታሪኳ መጠየቅ አለበት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ውጤቱ በዚያው ቀን በሚደርስበት ቦታ ምርመራውን ያስቀድማል። ላቦራቶሪ በሌለው የመንገድ ዳር ከተማ፣ ምልክት ላላት ሴት በምልክት ማከም ይመረጣል፤ ምልክት የሌላት ግን በየጊዜው ካልተመረመረች በቀር የምትገኝበት መንገድ የለም።