«ኪኒኑስ ሱስ አይደለም?»

ለአረቄ ሱስ የታከምኩበትን ክሊኒክ ስም እዚህ አልጽፍም። ባሕር ዳር ትልቅ ከተማ ብትመስልም፣ አንድ ባጃጅ ውስጥ የሚያውቅህ ሰው አታጣም። እዚያ የሚገቡትን ማጋለጥ አልፈልግም። የቸገረው ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ እጠቁመዋለሁ።

እኔ የባጃጅ መካኒክ ነኝ። 11 ዓመት አረቄ ጠጥቻለሁ። ሲጀመር ጨብሲ ነበር። ከሰዓት እቅማለሁ፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ሁለት መለኪያ። እያደር መለኪያው ጫቱን ቀደመው። በመጨረሻማ ጠዋት አንድ ሳልጎነጭ ብሎን መፍታት አልችልም ነበር፤ እጄ ይንቀጠቀጣል።

አምና ሁዳዴ ሲገባ ማንንም ሳላማክር በአንድ ቀን አቆምኩ። በማግስቱ ማታ ጋራዥ ውስጥ ወደቅኩ፤ አረፋ ደፈቅኩ። ልጆቹ ክብሪት አሸተቱኝ። እናቴ «ለክፎት ነው» ብላ ጠበል ወሰደችኝ። ሁለት ሱባዔ ቆየሁ። እውነት ለመናገር ደህና ሆኜ ነው የተመለስኩት። ከዚያ ፋሲካ መጣ። ዶሮው፣ ጠላው፣ «ለበዓሉ አንድ ቅመስ እንጂ» የሚል ጎረቤት። ዳግማይ ትንሣኤ ሳይደርስ ወደ አረቄዬ ተመልሻለሁ።

ክሊኒክ የወሰደችኝ እህቴ ናት። ካርድ 150 ብር። ወረፋው ያስመርራል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ደርሰን 5 ሰዓት ተኩል ላይ ገባን። «የሱስ ሕክምና» የሚለው ሰሌዳ ደግሞ በትልቁ ወደ ባጃጅ ተራው ዞሮ ተሰቅሏል። ደንበኞቼ የሚቆሙበት ተራ! በሁለተኛው ቀን ኮፍያ አድርጌ ሄድኩ። ለኃላፊዎቹ ተናግሬያለሁ፤ ሰሌዳው አሁንም እዚያው ነው።

ሲስተሯ ግን ሌላ ናቸው። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። መውደቄን ስነግራቸው አልደነገጡም፣ አልገሠጹኝም። «አንጎልህ አልኮሉን ለምዶ ሥራውን በዚያ ልክ አስተካክሎ ነበር። ድንገት ስትነጥቀው ይበረግጋል» አሉኝ። መንቀጥቀጡ የመጨረሻው መለኪያ 6 ሰዓት ያህል ካለፈው በኋላ ይጀምራል። እንደኔ ዓይነቱ መውደቅ አብዛኛውን ጊዜ በ48 ሰዓት ውስጥ ነው የሚመጣው። ከዚያ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ሊከተል ይችላል። እሱ ካልታከመ ይገድላል። ለዓመታት በየቀኑ ስትጠጣ የኖርክ ሰው ይህን የምታነብ ከሆነ፣ እንደኔ ብቻህን በአንድ ቀን አታቁም።

ከዚህ በፊት ወድቄ ስለማውቅና እነሱ ጋ አልጋ ስለሌለ ወደ ሆስፒታል ጻፉልኝ። አምስት ቀን ተኛሁ። ዲያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት እየተቀነሰ ተሰጠኝ፤ ቫይታሚን ቢ1ም በመርፌ። ስወጣ አምሮቱን የሚቀንስ ናልትሬክሶን የሚባል ኪኒን ታዘዘልኝ። ሦስት ፋርማሲ ዞሬ አጣሁት። መድኃኒት ማዘዝ ብቻ ሳይሆን የት እንደሚገኝም ቢነግሩን ጥሩ ነበር።

አምስት ኮከብ የምሰጠው መጠጥ ለመተው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሲስተር ጋር ለምንሰበሰብበት ቡድን ነው።

ዘጠኝ ነን። የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይ። አንዱ ዲያቆን ነው፤ ቃል ገብቶ ያቆመ። አንዱ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ በረመዳን ጀምሮ በዚያው የቀጠለ። ሁለቱም «ቀስ በቀስ» የሚባል ነገር አይዋጥላቸውም። አንድ መምህር ደግሞ አለ። እሱ ከሐኪሙ ጋር ተስማምቶ የሚጠጣውን መጠን በየሳምንቱ እየቀነሰ ነው። ይህን በተናገረበት ቀን ቤቱ ተቀወጠ። «እሳትን በጥቂቱ ይዘህ አትተኛም!» አለ ነጋዴው።

ሲስተር አንዲት ሕግ አላቸው። የሌላውን ሐሳብ፣ ባለቤቱ «አዎ፣ ይህን ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ ደግመህ ካልተናገርክ መቃወም አትችልም። ዲያቆኑ የመምህሩን ሐሳብ ለመድገም ሦስት ጊዜ ሞከረ። ሁለት ጊዜ «ኧረ እንደሱ አላልኩም» ተባለ። በሦስተኛው መምህሩ ራሱን ነቀነቀ። ዲያቆኑ «እሺ፣ ገብቶኛል፤ አሁንም አልስማማም» ሲል ሁላችንም ሳቅን። ለመምህሩም ሻይ ቀዳለት።

«ኪኒኑስ ሱስ አይደለም?» ብሎ የጠየቀውም ይኸው ዲያቆን ነው። ሲስተር ይከላከላሉ ብዬ ስጠብቅ «ስለ ዲያዜፓም ከሆነ እውነትህን ነው» አሉ። ሱስ ስለሚያስይዝ ነው ለጥቂት ቀን ብቻ እየተቀነሰ የሚሰጠው። «ናልትሬክሶን ግን ሱስ አያስይዝም» ብለው ጨመሩ። ሌላ ቀን፣ በ1935 እንደ ፈረንጆቹ አሜሪካ ውስጥ ሁለት ጠጪዎች፣ አንዱ ራሱ ሐኪም፣ ስለጀመሩት «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» ስለሚባል የጠጪዎች መረዳጃ ማኅበር አወሩን። መጠጥ ለመተው ማኅበሩ ካወጣቸው ደረጃዎች የመጀመሪያው በአልኮል ላይ አቅም እንደሌለህ ማመን ነው። ዲያቆኑ «እኛ ይህን በንስሓ እናውቀዋለን» አለ። ሲስተር አልተከራከሩትም።

የጠበሉ ክርክር እኔንም ይነካኛል። እናቴ እስካሁን «ያዳነህ ጠበሉ ነው» ትላለች። እኔ ሕክምናው ነው ባይ ነኝ። ጠበል ቦታ አንድ ሰው «ኪኒን ይዘህ አትግባ» ብሎኝ ነበር፤ በዚያ እስካሁን እናደዳለሁ። የገረመኝ፣ ቡድኑ ውስጥ ይህን የተቃወመው ዲያቆኑ መሆኑ ነው። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትንና ጠበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መናገራቸውን አስታወሰን። ለእናቴ ነገርኳት። «እኔ መቼ ኪኒኑን ተው አልኩህ?» አለችኝ። እውነትም ብላኝ አታውቅም።

ከሲስተር ጋር ያልተስማማሁበት አንድ ነገር አለ። ጫቱንም ተው ይሉኛል። እኔ እሑድ እሑድ እቅማለሁ፤ ማታ የምሰብረው በወተት ነው። ለጫት ሱስ እንደ አረቄው የሚታዘዝ የታወቀ ኪኒን የለም፤ ያለው ምክር ነው። «ጫቱ መስበሪያውን ይጠራል፤ የነገርከኝ የራስህ ታሪክ ነው» ይሉኛል። መልስ የለኝም። ግን አልተውኩም። እሳቸውም በዚህ ምክንያት ፋይሌን አልዘጉም፤ በየወሩ ይጠይቁኛል፣ በየወሩ ያው መልስ።

ቡድኑ ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ አይከፈልበትም። ወንበሩ ስምንት ነው። ቀድሞ የደረሰ ይቀመጣል።