በጠና ለታመመች የቤት ወፍ፦ ክሊኒክ ማስተኛት ወይስ ቤት ማስታመም?

ወፍ ሕመሟን መደበቅ ስለምትችልበት፣ ላባዋን ነፍታ በሽቦ ቤቷ ወለል ላይ ስትኮራመት ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ሰንብቷል፤ ስለዚህ የሁለቱም አማራጭ ጊዜ አጭር ነው።

ክሊኒክ፦ ኦክስጅን፣ በመርፌ የሚሰጥ ፈሳሽ፣ የደም ምርመራና ኤክስሬይ ይገኛል። ወጪው ከባድ ነው፤ ትንፋሽ ያጠራትን ወፍ ደግሞ ጉዞውና የእንግዳ እጅ አያያዝ ብቻ ሊገድላት ይችላል።

ቤት፦ ወጪው ይቀንሳል፣ የለመደችው ድምፅም አይለያትም። ሥራው ግን ቀላል አይደለም። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንዲሆን ያስፈልጋል፤ በግድ የሚሰጥ ምግብ በስህተት ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። የተነፋ ላባ ዓይንን ስለሚያታልል በየማለዳው በግራም መመዘን ግድ ነው፤ 35 ግራም የነበረች ወፍ 4 ግራም ብቻ ብትቀንስ ከክብደቷ ከ10 በመቶ በላይ አጥታለች ማለት ነው።

ጅራቷ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ለሚል፣ ለምትደማ ወይም መብላት ላቆመች ወፍ የጉዞው አደጋ ቢኖርም ክሊኒኩ ይመረጣል፤ እኔ በዚህ ላይ አላመነታም። በሽታዋ ታውቆ መድኃኒት ለታዘዘላትና ራሷ ለምትበላ ግን ቤቷ ይሻላታል። የመዳን ተስፋ ከሌላት፣ ሕመሟን በማስታገስና ያለ ሥቃይ እንድትሞት በማድረግ መካከል ያለውን ምርጫ ከሐኪሙ ጋር በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል።