ለቀላል ማይንድ ማፕ የትኛው የአኒሜሽን ሶፍትዌር ይሻላል? ፓወርፖይንት፣ ፔንስል ቱዲ፣ ፍሊፓክሊፕ ወይስ ካንቫ

የእህቴ ልጅ አሥረኛ ክፍል ናት። ባለፈው ቅዳሜ ደብተሯን ይዛ ከዚራ እኛ ቤት መጣች። ገጹ መሃል ላይ «ድሬዳዋ» ብላ ጽፋ ከብባዋለች። ከክቡ አምስት ቅርንጫፍ ወጥቷል፦ ባቡር፣ ሰፈር፣ ገበያ፣ ደቻቱ (የከተማችን ወንዝ)፣ ምግብ። ማይንድ ማፕ የሚሉት እንዲህ ያለውን የሐሳብ ካርታ ነው። «ይሄን አንድ በአንድ እየተሳለ የሚወጣ ቪዲዮ ላደርገው ነው፤ ምን ልጫን?» አለችኝ።

ኢንተርኔት ላይ ብትፈልግ የሶፍትዌር ስም ይዘንብልሃል፤ አብዛኛው ደግሞ በዶላር ክፈል ይላል። እኛ አራቱን መርጠን በዚያው ካርታ ሞከርናቸው። (አንቱታ አትጠብቅ። እኛ ድሬ ላይ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የምንለው።)

መጀመሪያ ግን ካርታው ለምን ይንቀሳቀሳል? «ባቡር» የሚለውን ቅርንጫፍ እንይ። ከሱ «በ1902 እ.ኤ.አ. ደረሰ» የሚል ይወጣል፤ ቀጥሎ «ሐረር ለምን አልገባም?»፤ ቀጥሎ «ተራራው»። ሐዲዱ ወደ ሐረር ሊሄድ ታስቦ ተራራው ስላስቸገረ ነው ድሬ ከሥሩ የተቆረቆረችው። ወረቀት ላይ መልሱ ከጥያቄው ጋር አብሮ ይታያል። አኒሜሽን ግን መልሱን ይዞ ያቆይልሃል። ስለዚህ እኔ ያየሁት ሦስት ነገር ነው፦ መስመሩ እየተሳለ ይወጣል ወይ? ተራው በእጄ ነው ወይ? ግዕዙ አይበላሽም ወይ? ሌላው ጌጥ ነው።

ፓወርፖይንት የአኒሜሽን ሶፍትዌር ነው ቢባል የሚስቅ አለ። ይሳቅ። ለዚህ ሥራ ግን የሚበልጠው አላገኘሁም። መስመሩን መርጠህ አኒሜሽን ውስጥ «ዋይፕ» የሚለውን (ከአንድ ወገን ጀምሮ የሚገልጠውን) ትሰጠዋለህ፤ ቃሉን «ፌድ» (ቀስ እያለ ብቅ የሚያደርገውን)። መስመሩ «ኦን ክሊክ»፣ ቃሉ «አፍተር ፕሪቪየስ» ይሁን። አንዴ ስትጫን መስመሩ ይወጣል፣ ቃሉ ይከተለዋል፣ ከዚያ አንተ እስክትጫን ይጠብቃል። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያ ሙከራዋ ግን አላማረላትም። መስመሩ ድንገት ዱብ ይላል እንጂ የሚሳል አይመስልም። ለካ «ዋይፕ» ካልነገርከው ከታች ወደ ላይ ነው የሚገልጠው። አግድም መስመርን ከታች ብትገልጠው ምን ይታያል? «ኢፌክት ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብተን ወደ ቀኝ የሚሄደውን ከግራ፣ ወደ ግራ የሚሄደውን ከቀኝ አደረግነው። ተስተካከለ።

ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጣው ፓወርፖይንት ካለህ «ሞርፍ» የሚባል ነገርም አለው። ስላይዱን ዱፕሊኬት አድርገህ ሁለተኛው ላይ አንዱን ቅርንጫፍ ታጎላዋለህ፤ ካሜራ ተጠግቶ ያየው ይመስላል። ደቻቱን እንዲህ አጉልተን የ1998 ዓ.ም.ን ጎርፍ አስገባንበት።

የፓወርፖይንት ጣጣው ፎንት (የፊደሉ ቅርጽ) ነው። እኔ አንድ ጊዜ ከቤት ያሳመርኩትን ፋይል በፍላሽ ይዤ ሄጄ የሰው ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው አማርኛው በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ጠበቀኝ። ሰው ፊት ቆሜ ሳጥን አነበብኩ! ከዚያ ወዲህ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ኢብሪማ የሚባል ፎንት ነው የምጠቀመው፤ ግዕዝ አለው። ከፋይሉ ጎን ደግሞ «ኤክስፖርት» ብዬ ኤምፒ ፎር ቪዲዮ አወጣለሁ። ቪዲዮ ፎንት አይጠይቅም። ቀትር ላይ ግን ኤክስፖርት አታድርግ፤ በድሬ ሙቀት ላፕቶፑን ማሰቃየት ነው።

ፔንስል ቱዲ ሌላ ዓለም ነው። ነፃ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፣ አንዴ ካወረድከው ኢንተርኔት አይልም። እውነተኛ የእጅ ስዕል አኒሜሽን ነው፤ እያንዳንዷን ፍሬም (ተከታትለው ሲታዩ እንቅስቃሴ ከሚሆኑት ስዕሎች አንዷን) አንተ ትስላለህ። በሰከንድ 12 ፍሬም ብንይዝ አንድ ቅርንጫፍ በአንድ ሰከንድ እንዲወጣ 12 ስዕል ይፈልጋል። አምስቱ 60 ናቸው፤ ቃላቱ ገና አልተጻፉም። እኛ አንዱን ስዕል ለሁለት ፍሬም እያቆየን ወደ 30 አወረድነው። ፍሬሙን ዱፕሊኬት ታደርግና መስመሩን ትንሽ ታስረዝማለህ፤ እንደገና ዱፕሊኬት፣ እንደገና ማስረዘም። ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱን ሌየር (በላይ በላዩ የሚነባበር ግልጽ ገጽ) ስጠው። «ገበያ» ቢበላሽብህ «ሰፈር»ን ሳትነካ ታስተካክላለህ።

ችግሩ ጽሑፍ መተየቢያ የለውም። በእጅህ ትጽፋለህ፣ ወይም ሌላ ቦታ የተጻፈ ምስል ታስገባለህ። እስቲ በማውዝ «ምግብ» ብለህ ጻፍ። እኔ ስጽፈው «ም» እግሯን ሰብራ ተኛች። የስዕል ታብሌት ካለህ ግን በእጅ የተጻፈ ግዕዝ የሚያምረውን ያህል የትኛውም ፎንት አያምርም። መሳል ለሚወድ ልጅ ይሄን ምረጥለት። ነገ ጠዋት የሚቀርብ ሥራ ላለበት ግን በፍጹም።

ኮምፒውተር የሌለው ብዙ ነው። ለሱ ፍሊፓክሊፕ አለ፤ ስልክ ላይ በጣት ይሳላል፣ ድምፅም ይቀዳል፣ መጻፊያም አለው። ነፃው ቪዲዮ ላይ የራሱን ምልክት ይለጥፍብሃል፣ ሌየሩም ሦስት ብቻ ነው። ለአምስት ቅርንጫፍ ሦስት ሌየር አይበቃም፤ ሁለት ሁለቱን ማዳበል ግድ ነው። ለማሟሟቂያና ለሁለት ለሦስት ቅርንጫፍ ካርታ ይሆናል።

ካንቫ ውበቱን ይዞልሃል። የማይንድ ማፕ ቴምፕሌቶች ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል፤ ቃሉን ቀይረህ እንቅስቃሴ መርጠህ ቪዲዮ ማውረድ ነው። ከአራቱ ቶሎ የሚያምረው እሱ ነው። ግን ኔትወርክ ከሌለ ካንቫ የለም። ከሚያማምሩት ፎንቶች ብዙዎቹ ላቲን ብቻ ስለሆኑ አማርኛህ ወደ ሌላ ፎንት ይቀየርና ከቴምፕሌቱ ጋር አይገጥምም፤ ከመጀመርህ በፊት «ሀሁ» ብለህ ሞክር። የዘውድ ምልክት ያለበትን ከነካህ ደግሞ ክፍያ ይጠይቃል፤ የውጭ ካርድ ከሌለህ እዚያው ትቆማለህ።

እጅ እየሳለ የሚታይበት ቪዲዮስክራይብም፣ አዶቢ አኒሜትም የክፍያ ናቸው። ለአንድ የክፍል ሥራ ገንዘብ አላወጣባቸውም። ኦፕንቱንዝ የሚባለው ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነፃ ሆኗል፤ ግን የካርቱን ስቱዲዮዎች ዕቃ ነው። ለማይንድ ማፕ እሱን መጫን ለአንድ ስኒ ቡና ድንኳን መትከል ነው።

የእህቴ ልጅ በመጨረሻ ምን አደረገች? ካርታውን በፓወርፖይንት ሠራችው። ባቡሩን ብቻ ፔንስል ቱዲ ላይ በስምንት ፍሬም ሳለችና ጂፍ (ራሱ የሚንቀሳቀስ ምስል) አድርጋ አምጥታ «ባቡር» የሚለው ቃል አጠገብ አስቀመጠችው። ጎማዎቹ እኩል አይዞሩም። አስተካክይው ብላት «የድሮው ባቡር እንዲህ ነበር ያልከኝ አንተ አይደለህ?» አለችኝ።