ቤታችሁ ሆናችሁ የሰርቬይ ድራፍቲንግ ሥራ እናገኝላችኋለን ለሚሏችሁ ብር እንዳትከፍሉ

ነገሩ የሆነው ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ባለቤቴ «ትንሽ ረጋ ብለሽ ጻፊው» ይለኛል፤ ረጋ ካልኩ ግን እንደማልጽፈው ራሴን አውቃለሁ። 22,000 ብር ከፍያለሁ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ አምስት ሳንቲም ሳላገኝ ሠርቻለሁ። ብሩ ከዕቁብ የወጣ ነው። ሰርቬየሮች፣ ድራፍተሮች፣ በተለይ እንደኔ ወልዳችሁ ቤት የዋላችሁ እህቶቼ፣ እባካችሁ አንብቡት፤ ለምታውቁትም ላኩት።

አሠራራቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም ላይ ላፕቶፕና የቡና ስኒ ያለበት ፎቶ ይለጠፋል። ከሥሩ የዶላር ክፍያ ስክሪንሾት። «ቦታው ውስን ነው፣ ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል።» ዓርብ ያልፋል፣ ሰኞም ይመዘግባሉ። በውስጥ መስመር ስትጽፊላቸው በሁለት ደቂቃ ይመልሳሉ፣ «እህቴ» ይሉሻል፣ ስለ ልጅሽ ጤና ሳይቀር ይጠይቁሻል። ብሩ እስኪገባ ድረስ።

እኔ ሜዳውን የማላውቅ ሰው አይደለሁም። አራት ዓመት መንገድ ሥራ ላይ ቶታል ስቴሽን (የመሬት መለኪያ መሣሪያ) ተሸክሜያለሁ። ልጅ ከወለድኩ በኋላ ግን ክፍለ ሀገር ካምፕ ገብቶ መሥራት አልተቻለኝም። ቤት ሆኖ መሳል ደግሞ የሌለ ሥራ አይደለም። የመስክ ልጆች ቀን ለክተው ይገባሉ፤ ከመሣሪያው የሚወጣው የነጥብ ቁጥር፣ ኢስቲንግ (ወደ ምሥራቅ ያለው ልኬት)፣ ኖርዚንግ (ወደ ሰሜን ያለው ልኬት)፣ ከፍታና አጭር ኮድ ያለበት ዝርዝር ብቻ ነው። ያንን ወደ ፕላን የሚቀይር ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ቢሮ መቀመጥ የለበትም፤ ላፕቶፕና መብራት ካለው ይበቃል፣ መብራቱም ሲኖር ነው። ነገር ግን ሥራውን የሚያውቅ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ላይ ኢስቲንጉም ኖርዚንጉም በአብዛኛው ስድስት ስድስት አሃዝ ነው፤ አንዱ በ4 ሌላው በ9 ይጀምራል፣ የማያውቅ ሰው አገላብጦ ያስገባቸዋል። አዲንዳንና ደብሊውጂኤስ 84 የሚባሉ ሁለት የተለያዩ የቦታ ማጣቀሻ ሥርዓቶች አሉ፤ አዲንዳን የሆነን ፋይል ደብሊውጂኤስ 84 ነው ብሎ የጫነም ቦታውን ከመቶ ሜትር በላይ አሽሽቶ ሰው ግቢ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ይህን ሁሉ ስለማውቅ ነው «ለኔ የሚሆን ሥራ ተገኘ» ብዬ ልቤ የዘለለው።

5,000 ለምዝገባ፣ 17,000 ለሥልጠና። ሁለቱንም ያስገባሁት በአንድ ግለሰብ ስም በተከፈተ አካውንት ነው። ደረሰኝ ስጠይቅ «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ሲሠራ እንሰጥሻለን» አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ሥልጠናው ለሦስት ሳምንት ቅዳሜና እሁድ ነበር። ነጥብ ማስገባት፣ ሰርፌስ (የመሬቱን ገጽ ሞዴል) መሥራት፣ ኮንቱር (እኩል ከፍታን የሚያገናኝ መስመር) ማውጣት፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ። ለአሜሪካ የሰርቬይ ድርጅቶች ትሠራላችሁ ተብለን ነው የተመዘገብነው፤ ሦስቱን ሳምንት አንድም ቀን በጫማ የተለካ ሥዕል አልተከፈተም፣ ሁሉም በሜትር ነው። ዛሬ ጠዋት ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ዘንድ ደወልኩ፤ እሷ እዚያ በዚሁ ሙያ ትሠራለች። «እዚህ ርቀት በጫማ ነው፣ የድንበር አቅጣጫ የሚጻፈው ከሰሜን ወይም ከደቡብ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ በዲግሪ ነው። ይሄን ሳያሳዩሽ ለአሜሪካ እንዴት ትሥያለሽ? ደግሞ ፕላኑ ላይ የሚፈርመው ፈቃድ ያለው ሰርቬየር ነው፣ ኃላፊነቱም የሱ ነው። ማን እንደሣለው ሳያውቅ አይፈርምም» አለችኝ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ስልክ ነበር። ከመክፈሌ በፊት ልደውልላት እችል ነበር።

ከሥልጠናው በኋላ «ፕራክቲካል» ይባላል። ፋይል ይላክልሻል፣ ትሠሪያለሽ፣ እነሱ አርመው ደረጃ ያወጡልሻል፣ ደረጃው ሲያልፍ ወደ ዶላሩ ሥራ ትገቢያለሽ። በስድስት ሳምንት ዘጠኝ ፕላን ሠርቻለሁ። ልጄን አስተኝቼ ከምሽቱ አራት ሰዓት እጀምርና አንዳንዴ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እቀመጣለሁ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ፣ ባትሪው ሲያልቅ መብራት እስኪመጣ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

ስለ ሰባተኛው ሥራ ልንገራችሁ፤ የተቃጠልኩት በሱ ነው። የአንድ ግቢ ቶፖ (የመሬቱን ከፍታና በላዩ ያለውን የሚያሳይ ፕላን) ነው፤ ከግቢው ጀርባ መንገድ፣ መንገዱ ዳር ቦኖ፣ ቦኖው አጠገብ የፍሳሽ ማንሆል። ኮንቱሩን ሳወጣ ከግንብ አጥሩ ጀርባ መሬቱ ድንገት ጉብ ይላል። ብሬክላይን (መሬቱ ድንገት የሚታጠፍበትን ጠርዝ የሚያሳይ መስመር) ስለጎደለ ነው ብዬ የመንገዱን ጠርዝ አገናኘሁት፤ ጉብታው አልጠፋም። ነጥቦቹን አንድ በአንድ ሳይ ያንኑ ማንሆል ሁለት ጊዜ ለክተውታል። ነጥብ 398 ላይ ከፍታው 2341.12 ሜትር፣ ነጥብ 421 ላይ 2341.77። ልዩነቱ 65 ሳንቲ ሜትር ነው። ሙያው ውስጥ ያለ ሰው ወዲያው ይገባዋል፦ ከአጥሩ በላይ ለመታየት ፕሪዝሙን (መሣሪያው የሚያነጣጥርበትን በዘንግ ላይ ያለ መስታወት) ከፍ አድርገው መሣሪያው ላይ አዲሱን ቁመት ሳያስገቡ ለክተዋል። ስለዚህ ከ412 እስከ 437 ያሉት ነጥቦች ሁሉ ካሉበት 65 ሳንቲ ከፍ ብለው ተመዝግበዋል።

አሠልጣኙ ጋ ደወልኩ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሆኗል። «ቆይ» ብሎኝ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መልሶ ደወለ፦ «ትክክል ነሽ፣ ልጆቹ ከ1.50 ወደ 2.15 አንስተውታል። አስተካክይውና ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዲደብሊውጂውን ላኪልኝ።» (ዲደብሊውጂ ማንም ከፍቶ ሊቀይረው የሚችለው ዋናው የሥዕል ፋይል ነው።) ሃያ ስድስቱን ነጥብ ቀንሼ አስተካከልኩ። ሉሁ ጥግ ላይ በአማርኛ ማስታወሻ ጻፍኩ፦ «ከነጥብ 412 እስከ 437 ከፍታ በ0.65 ሜትር ታርሟል፤ በመስክ ይረጋገጥ።» አማርኛው የጥያቄ ምልክት እየሆነ ስላስቸገረኝ ፎንቱን ወደ ኒያላ ቀይሬ ዳግመኛ ጻፍኩት። ማንሆሉ አጠገብም በዚያው ፎንት «ቦኖ» አልኩ።

ትናንት ስለ ደረጃዬ ልጠይቅ ወደ ቢሮአቸው ሄድኩ። ስልክ ማንሳት ካቆሙ ስምንት ቀን ሆኗል። ልጄን የምተውለት ሰው ስላልነበረኝ አዝዬው ነው የሄድኩት፤ አምስተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ አይሠራም። እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «ቀጠሮ አለሽ?» አለችኝ። አሥር ጊዜ ያየችኝ ልጅ ናት። «ስሜን ታውቂዋለሽ እኮ» ስላት «ቁጭ በይ» አለች። ወንበር አልነበረም። ፕሎተሩ (ትልልቅ ፕላን የሚያትመው ማሽን) ያለበት ክፍል በር ላይ ቆምኩ።

ፕሎተሩ እያተመ ነበር። ድምፁን የሠራበት ሁሉ ያውቀዋል። ኤ1 ወረቀት ቀስ እያለ ይወጣል፣ እኔም ዝም ብዬ አያለሁ። መጀመሪያ የወጣው መንገዱ ነው። ከዚያ አጥሩ። ከዚያ ትንሿ ክብ፣ ከጎኗ «ቦኖ»።

የኔ ጽሑፍ ነው። የኔ ፎንት፣ የኔ አቀማመጥ፣ ከመስመሩ ትንሽ ዘንበል አድርጌ ያስቀመጥኳት ቃል። የልብሴን ስፌት ሰው ላይ ያየሁት ያህል ነው ያወቅኩት። ወረቀቱ ወርዶ ሲያልቅ ታይትል ብሎኩ (የሠሪው ስም የሚጻፍበት ሣጥን) ላይ የቢሮው ስም አለ፤ «የሣለው» በሚለው ቦታ የአሠልጣኙ ስም። እድሜያቸው ስልሳ የሚሆን ሹራብ የለበሱ አባት አጠገቡ ቆመዋል፤ የግቢው ባለቤት ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «ልጆቻችን ሌሊት ሁሉ ሳይተኙ ነው የሠሩልዎ» አላቸው። እሳቸውም «እግዜር ይስጣቸው» ብለው ከኪሳቸው ፖስታ አወጡ።

ገባሁ። «ይሄ እኮ የኔ ሥራ ነው» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ሥራ አስኪያጁ ወደኔ አልዞረም። ለእሳቸው «ተማሪ ናት» አላቸውና እየሳቀ ወደ በሩ መራኝ። በሩ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «አንቺ ልምምድ ከፍለሽ ልምምድ አገኘሽ። እንዳንቺ ያለ መቶ ተመዝጋቢ አለኝ። ደግሞ ልጅ አዝሎ ቢሮ አይመጣም፣ ደንበኛ አለ።» ሦስት ወር ያልሞላው «እህቴ፣ ልጁ ተሻለው ወይ» ሲል የነበረው ድምፅ ነው። እንግዳ መቀበያ ያለችው ልጅ ሳቀች። ልጄ ሲያለቅስ ነው ከድንጋጤዬ የነቃሁት፤ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም።

እሱ ሌባ መሆኑ አይደለም እንቅልፍ የነሳኝ። እኔ ማየት የምችል ሰው ሆኜ አለማየቴ ነው። ለልምምድ የተሰጠ ሥራ «ጠዋት ሁለት ሰዓት» ይባልለታል? የልምምድ ፋይል ቢሆን ኖሮ በምሽት አምስት ሰዓት ደውለው የፕሪዝሙን ቁመት የሚጠይቋቸው የመስክ ልጆች ከየት ይመጣሉ? ያን ለሊት ይሄ ጥያቄ በአእምሮዬ መጥቷል። እውነቱን እላችኋለሁ፣ መጥቷል። «ትክክል ነሽ» ስላለኝ ደስ ብሎኝ አባረርኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ በሙያዬ «ትክክል ነሽ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ ገና ስመዘገብ «ሥራ ሰጪ ሠራተኛውን ብር አይጠይቅም» ብሎኝ ነበር፤ «አንተ ሙያውን አታውቀውም» ብዬ ተቆጣሁት። ትናንት ማታ መጥቶ ምንም አላለኝም፤ ልጁን ተቀብሎኝ ዝም ብሎ አስተኛው። ያ ከስድብ በላይ ከበደኝ።

የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ጠይቄ ነበር፤ መጀመሪያ የጠየቁኝ ደረሰኝ ነው። የባንክ ማስተላለፊያውን አሳየሁ፣ የተላከው ለግለሰብ ነው። አልተውኩትም፣ ነገም እሄዳለሁ፣ የተላላክናቸውን መልእክቶች በሙሉ አትሜያለሁ። አብራችሁኝ የሠለጠናችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ አብረን እንሂድ።

ለሌሎቻችሁ፦ ሥራ ለመስጠት ብር ለሚጠይቅ አትክፈሉ። መጀመሪያ ፒዲኤፍ ብቻ ላኩ፣ ስማችሁን በሥዕሉ ላይ አግድም ጽፋችሁ፤ ዲደብሊውጂውን ብራችሁ አካውንታችሁ ላይ ገብቶ ሳታዩ አትልቀቁ። የማስተላለፊያ ፎቶ ብር አይደለም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ሳለ ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ማስታወሻዬን ወደጻፍኩበት ጥግ ነው። ባዶ ነው፣ አጥፍተውታል። ከፍታዎቹ የታረሙት ይሁኑ ያልታረሙት ለማየት ጎንበስ ስል ጠቀለሉት። በመቶ አንድ ቁልቁለት ለሚሄድ የፍሳሽ ቧንቧ 65 ሳንቲ ማለት የ65 ሜትር መስመር ሙሉ ቁልቁለቱ ነው፤ በተሳሳተ ከፍታ የተነደፈ ቧንቧ ከማንሆሉ ጋር ላይገጥም ይችላል። ትናንት ከሰዓት ፕላን ተቀብለው የወጡት፣ ግራጫ ሹራብ የለበሱት አባት፣ ወይም ልጆቻቸው ይህን ካነበባችሁ፦ ቁፋሮ ሳትጀምሩ ከአጥሩ ጀርባ ቦኖው አጠገብ ያለውን ማንሆል በሌቭል (በከፍታ መለኪያ መሣሪያ) አስለኩት። 2341.12 መሆን አለበት። ፕላኑ ላይ ግን 2341.77 የሚል ከሆነ መልሱላቸውና ለኔ ጻፉልኝ፤ የተስተካከለው ፋይል እኔ ጋ አለ፣ ያለ ክፍያ እሰጣችኋለሁ።