መርፌ፣ ክንድ ላይ የሚቀበር ወይስ ሉፕ? ለድሬዳዋ ሴቶች የወሊድ መቆጣጠሪያ ንጽጽር

የወሊድ መቆጣጠሪያ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ያለ ክፍያ ስለሚሰጥ፣ ለብዙዎቹ የድሬዳዋ ሴቶች ምርጫውን የሚወስነው ዋጋው ሳይሆን ዘዴው ከኑሯቸው ጋር መስማማቱ ነው። በእኔ እምነት አስቀድሞ ሊመለሱ የሚገባቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ ቀጣዩ ልጅ መቼ ይፈለጋል? ቀጠሮ ማክበርስ ይቻላል?

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከመቶ ባለትዳር ሴቶች 23ቱ መርፌ፣ 8ቱ ደግሞ ክንድ ላይ የሚቀበረውን ይጠቀሙ ነበር። ዲፖ የሚባለው የ3 ወር መርፌ በሆርሞኑ አማካይነት እንቁላል እንዳትወጣ ይከለክላል፣ የማህፀን በር ፈሳሽንም በማወፈር የወንዱን ዘር ያግዳል። ሰውነት ላይ ምልክት ስለማይተው በምስጢር መያዝ ለምትፈልግ ሴት ይመቻል። ሆኖም ከከፊራ ገበያ ዕቃ ገዝታ ወደ ጅቡቲ ድንበር ከተማ ወደ ደወሌ የምትመላለስ ነጋዴ ቀጠሮው መንገድ ላይ ሊያልፍባት ይችላል፤ ከመቶ ተጠቃሚዎች 4 ያህሉ በዓመት ውስጥ የሚፀንሱትም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህም ሌላ መርፌው ከቆመ በኋላ ለመፀነስ በአማካይ 10 ወር ገደማ ሊወስድ ስለሚችል፣ «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ መዘግየት ይመስለኛል። መካን አያደርግም፤ በሚቀጥለው ዓመት መውለድ ለምትፈልግ ግን አልመክረውም።

ክንድ ላይ የሚቀበረው የቀጠሮን ጣጣ ያስቀራል። ኢምፕላኖን የክብሪት እንጨት የምታህል አንዲት ዘንግ ስትሆን ለ3 ዓመት ትሠራለች፤ ጃዴል ባለሁለት ዘንግ ሆኖ ለ5 ዓመት ያገለግላል። የሚቀበረው ቦታው በመርፌ ደንዝዞ ከላይኛው ክንድ ቆዳ ሥር ነው፤ በዓመት የሚፀንሱት ከሺህ አንዷ ቢሆኑ ነው። «ወደ ልብ ይሄዳል» ለሚሉ ጎረቤቶች፣ ዘንጓ በጣት ስትዳሰስ እዚያው መሆኗን ማሳየት ይበቃል። የወር አበባ ሥርዓት መዛባት እንደ መርፌው ሁሉ እዚህም አለ፤ ሪፋምፒሲን ያለበት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ደግሞ የሆርሞኑ ኃይል ስለሚቀንስባት ለባለሙያው አስቀድማ መንገር አለባት። ከወጣ በኋላ የመፀነስ አቅም በፍጥነት ይመለሳል፤ የሚያወጣው ግን ባለሙያ ስለሆነ፣ ከመቀበሩ በፊት የት እንደሚገኝ ይጠየቅ።

ሆርሞን ለማይስማማት ሴት ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ አለላት። መዳብ የለበሰው ሉፕ የወንዱን ዘር በማዳከም ከ10 ዓመት በላይ ይሠራል፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት የወር አበባን ስለሚያበዛ ደም ማነስ ላለባት አይመረጥም።

እንክብል በየቀኑ ማስታወስን ይጠይቃል፤ በረመዳን ከአፍጥር በኋላ መዋጥ ይቻላል። ሁለት ሆርሞን ያለው ዓይነት ግን ለደም ግፊት ሕሙማንና ከ6 ወር በታች ሕፃን ለሚያጠቡ እናቶች አይሰጥም።

ከእነዚህ ሁሉ ከኤች አይ ቪ የሚከላከለው ኮንዶም ብቻ ነው፤ የድሬ ሙቀት ላስቲኩን ስለሚጎዳው በመኪና ወይም በኪስ ቦርሳ አይቀመጥ፣ ቫዝሊንም አይቀባ። ኮንዶሙ ቢቀደድ ፖስትፒል የተባለው የድንገተኛ ጊዜ እንክብል በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በቶሎ በተወሰደ መጠን ይበልጥ ይሠራል፤ በ5 ቀን ውስጥ የሚገባ የመዳብ ሉፕም ለዚሁ ያገለግላል፣ እንዲያውም ከእንክብሉ የበለጠ አስተማማኝ ነው።