«ሞተሩን ማን አሞቀው?» ላሉኝ መካኒክ ምስጋና

ይህን የምጽፈው የአንድ ሰው ውለታ ስላለብኝ ነው። ስማቸውን አላወጣም። «ስሜን እንዳታወጣ፣ ስልኬ ዕረፍት ያጣል» ብለውኛል። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፣ እዚህም ጋሼ ይሁኑ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ መካኒክ ናቸው። አሁን ጋራዡን ትተውታል። ያገለገለ መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው ሲጠራቸው ሄደው ይመረምራሉ፣ ያዩትን ይናገራሉ፣ ሥራቸው ይኸው ነው።

ሊገዛ የተነሳው ሰውዬ እኔ ነበርኩ።

መኪናዋ መርሴዲስ ኤስ 500 ናት፣ እ.ኤ.አ. የ2007 ሥሪት፣ ደብሊው 221 የሚባለው ትውልድ። ጥቁር ናት፣ ውስጧ ክሬም ቆዳ። ስምንት ሲሊንደር፣ 5.5 ሊትር ሞተር፣ 388 የፈረስ ጉልበት። በሩን ገፋ ስታደርገው ቀሪውን ራሱ ስቦ ይዘጋል። እኔን ያሳበደኝ ግን ዋጋዋ ነው። አንዲት ትንሽ አዲስ መኪና በምትገዛበት ገንዘብ ኤስ ክላስ! ማታ ማታ ፎቶዋን እያየሁ ነበር የምተኛው። ባለቤቴ «ከእኔ ይልቅ እሷን ነው የምታየው» ማለት ጀምራ ነበር።

ለጋሼ ስደውል ስለ ቀለሟም ስለ ቆዳዋም ብዙ ቀባጠርኩ። ዝም ብለው ሰሙኝና «ነገ ጠዋት እንሄዳለን። እስክንደርስ ሞተሩን እንዳያስነሳ ለሰውዬው ንገረው» አሉ። ነገርኩት።

ደረስን። ጋሼ ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርሱ ኮፈኑን አስከፈቱና የእጃቸውን ጀርባ ወደ ሞተሩ አስጠጉ። «ሞተሩን ማን አሞቀው?» አሉ። ሻጩ «ቦታ ላስተካክል ብዬ ትንሽ አንቀሳቅሻት ነው» አለ። ጋሼ አልተከራከሩም። ከኪሳቸው ሜትር አወጡ፣ ከአራቱም ጎማዎች መሐል እስከ ላይኛው የፓራፋንጎ ጠርዝ ለኩ፣ ቁጥሩን ጻፉ። «እዚሁ እንደቆመች ትደር። ነገ እንመለሳለን» ብለው ሄዱ። እኔ አፍሬ የምገባበት ጠፋኝ። ሰውየው ተቀይሞ ለሌላ ቢሸጥብኝስ?

በማግስቱ ዳግመኛ ለኩ። የፊት ግራው በአራት ሴንቲ ሜትር ወርዷል።

እዚያው ቆመው አስረዱኝ። ይህች መኪና እንደ ሌላው የብረት ሞላ የላትም፤ አየር ላይ ነው የተቀመጠችው። አየሩን የያዘው የጎማ ከረጢት ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ ቀስ እያለ ያስተነፍሳል። ሌሊቱን ትተኛለች፣ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ኮምፕረሰሩ ነፍቶ ያነሳታል። ገዢ ሲመጣ ቀጥ ብላ ቆማ ያገኛታል። ኮምፕረሰሩ ደግሞ የፈሰሰውን ሲሞላ ዕረፍት ስለሌለው አንድ ቀን ራሱ ይቃጠላል። ስለዚህ የአንድ ዕቃ ወጪ የሁለት ይሆናል። ሻጩ ከአንድ ቀን በፊት ሞተሩን ያሞቀው ለዚህ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ሰው አልወነጅልም።

ከዚያ ሞተሩ ተነሳ። ለሁለት ሰከንድ ያህል ከውስጥ የካቴና ድምፅ ተንኳኳ፣ ወዲያው ጸጥ አለ። እኔ ራሴ አልሰማሁትም ነበር፣ ጋሼ ጣታቸውን ወደ ላይ ሲያነሱ ነው የባነንኩት። ሞተር ሲሞቅ ይህን ሁሉ ይደብቃል አሉ። ቀዝቃዛ ሆኖ ካልሰማኸው አልሰማኸውም።

ኮምፒውተር ሰኩባት። አንድም የብልሽት ኮድ የለም! በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝ። የጋሼ ፊት ግን ጠቆረ። «ይህን ያህል ዕድሜ ያላት መኪና ይህን ያህል ንጹሕ አትሆንም» አሉና ሌላ ገጽ ከፈቱ። የመኪናዋ ኮምፒውተር የጭስ ማጣሪያውን፣ የኦክስጅን ሴንሰሩን፣ የመሳሰለውን በየጊዜው ራሱ ይፈትናል። አንድ ሰው ኮዱን ሲያጠፋ እነዚህ ፈተናዎችም አብረው ይሰረዛሉ። እንደገና ለመሟላት መኪናዋ በተለያየ ፍጥነት መነዳት አለባት። በእሷ ላይ አብዛኞቹ «አልተጠናቀቀም» ይላሉ። ሻጩ «ባትሪ ቀይሬ ነው» አለ። ጋሼ «ይሆናል፣ ባትሪ ሲፈታም ይጠፋል» አሉ። ይህን የወደድኩላቸው ነገር ነው። ሌባ አላሉትም። «እንንዳት» ብቻ አሉ።

አርባ ደቂቃ ያህል እንደነዳናት ዳሽቦርዱ ላይ የሞተሩ መብራት ቦግ አለ። ኮዱ የካምሻፍት (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ዘንግ) አቀማመጥ ከካቴናው ጋር አልገጠመም የሚል ነው። ጋሼ ወርደው የሞተሩን ቁጥር አዩ። ይህ ኤም 273 የሚባለው ሞተር መጀመሪያ አካባቢ ሲሠራ ካቴናው ከሚዞርባቸው ጥርሶች አንዱ ያለ ጊዜው የሚበላ ሆኖ ወጥቷል። ፋብሪካው በኋላ አስተካክሎታል፣ የትኞቹ ሞተሮች እንደሆኑም በቁጥራቸው ይለያሉ። የእኔዋ ጉድ ከመጀመሪያዎቹ ናት። ጥርሱ ራሱ ትንሽ ነገር ነው። እሱን ለመቀየር ግን ሞተሩ ከነነፍሱ መውጣት አለበት።

ወረቀት አወጡና ሦስት ቦታ ከፈሉት፦ አሁኑኑ የሚሠራ፣ በዓመት ውስጥ የሚሠራ፣ ሊመጣ የሚችል። ጥርሱ፣ የአየር ሾኩ፣ ኮምፕረሰሩ፣ የፍሬን ዲስክና ሸራ፣ አራት ጎማ፣ የካምቢዮ ዘይት። ድምሩ የመኪናዋን ዋጋ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። ገርሞኝ «እንዴት እንዲህ ይሆናል?» ስላቸው የመለሱልኝን እስካሁን ለሰው ሁሉ እደግመዋለሁ።

«ልጄ፣ ያረጀው የመኪናዋ ዋጋ ነው። የዕቃዋ ዋጋ አላረጀም።»

«አትግዛ» አላሉኝም። ሦስት ነገር ጠየቁኝ። ሌላ የምትነዳው መኪና አለህ? የለኝም። የዋጋዋን ግማሽ ያህል ሳትነካው የምታስቀምጠው ገንዘብ አለህ? የለኝም። የእሷን ኮምፒውተር የያዘና ይህን ሞተር ፈቶ የሚያውቅ ባለሙያ ቅርብህ አለ? እሱንም አላውቅም። «በል እንግዲህ፣ መልሱን የሰጠኸኝ አንተ ነህ» አሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለሳምንት ያህል ተቀይሜያቸው ነበር። በመሐል ሻጩ ደውሎ ዋጋ ቀነሰልኝ። ልቤ ተንሸራተተ። ለጋሼ ደወልኩ። «የቀነሰልህ ሞተሩን ለማውጣት ይበቃል?» አሉኝ። አይበቃም። ስልኩን ዘጋሁ፣ የመኪናዋን ፎቶዎች አጠፋሁ። (ሁለቱን አስቀርቻለሁ። ምን ላድርግ።)

የቅንጦት መኪና ጠላት እንዳይመስሏችሁ። ያለ የሌለ ፍቅር አላቸው። ኤስ ክላስም ቢሆን የጥገና ደብተሯ የተሟላ፣ ያ ጥርስ የተቀየረላት ወይም ከተስተካከለው ሞተር በኋላ የመጣች ከሆነች ቁጭ ብለው ያዩላችኋል። ለእንደኔ ዓይነቱ ግን ከ2000 እስከ 2006 የተሠራውን ሌክሰስ ኤል ኤስ 430 ያነሳሉ። እሱም ቢሆን ታይሚንግ ቤልቱ (በካቴናው ፈንታ የሚሠራው ቀበቶ) በጊዜው መቀየሩን ሳያዩ አይደለም። ቢኤምደብሊው 7 ሲሪስስ? ስላቸው ስለ ካምቢዮ ዘይት ተነሳ፣ መቆሚያ አልነበረውም። መኪና ሠሪው «የዕድሜ ልክ ዘይት ነው» ይላል፣ ካምቢዮውን የሠራው ዜድ ኤፍ ደግሞ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ቀይሩት ይላል። «የዕድሜ ልክ ሲሉ የማንን ዕድሜ ነው?» ብለው ሳቁ።

ለምን እሳቸውን እንደምጠቁም ልንገራችሁ። ክፍያቸውን ቀድመው ይነግሯችኋል፣ ገዛችሁም ተዋችሁም ያው ነው። ሻጩ ወደ ጎን ስቦ በጆሯቸው አንድ ነገር ሲላቸው አይቻለሁ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እኔ የሥራዬን ከዚህ ልጅ ተቀብያለሁ» አሉት። ራሳቸው ስለማይጠግኑም ብልሽት በማግኘታቸው የሚያተርፉት ነገር የለም።

ጉድለትም አላቸው። ቀስተኛ ናቸው፣ ሁለት ቀን ይወስዳሉ። ማታ ስልክ አያነሱም። ስትጓጉ ካዩ ደግሞ ያሾፉባችኋል። የኤሌክትሪክና የሃይብሪድ መኪና «የማላውቀውን አልናገርም» ብለው አይነኩም። ከዚህ ውጪ ያለውን ግን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምጠቁማቸው። ቁጥራቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣለሁ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ባለፈው ሳምንት የአንድ ኤል ኤስ 430 ፎቶ ላክሁላቸው። ብርማ ናት፣ አንድ ባለቤት ብቻ ነው የነዳት ተብሏል። ስለ ቀለሟ ትንሽ ጻፍኩ፣ ስለ ወንበሩም። መልሳቸው ጠዋት መጣ፦ «ሞተሩን እንዳያስነሱት።»