የሚኒታብ የሙከራ ንድፍ ክፍል፦ ለሂደት ማሻሻያ ምን ያህል ይጠቅማል?

ሚኒታብ በ1972 እ.ኤ.አ. በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለስታቲስቲክስ ማስተማሪያ የተሠራ ሶፍትዌር ነው። ዛሬ የሲክስ ሲግማ (በመረጃ ተመርቶ ጉድለትን የመቀነሻ ዘዴ) ፕሮጀክት የሚመሩ ሰዎች ከዘዴው ደረጃዎች አንዱ በሆነው የማሻሻያ ምዕራፍ በብዛት ይጠቀሙበታል። እዚህ የሚገመገመው የሙከራ ንድፍ ክፍሉ፣ ማለትም የትኞቹ ሙከራዎች በምን ቅንብር እንደሚሠሩ የሚታቀድበትና ውጤታቸው የሚተነተንበት ክፍል ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ገና ሙከራ ሳይጀመር የሚከፈተው የንድፎች ሰንጠረዥ ነው። የፋክተሮችንና (በሙከራው ሆን ተብሎ የሚለዋወጡትን ነገሮች) የሙከራዎችን ብዛት አገናኝቶ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ያሳያል፤ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ሲኬድ ተጽዕኖዎቹን ለይቶ ማየት ይከብዳል። አንድ ማሸጊያ ማሽን እንውሰድ፤ ሙቀት፣ ግፊት፣ ጊዜና ፍጥነት፣ እያንዳንዳቸው በሁለት ደረጃ። ሙሉው ንድፍ 16 ሙከራ ይፈልጋል። በ8ም ይሠራል፣ ቀለሙ ግን ቢጫ ነው፤ የሙቀትና የግፊት ጥምር ተጽዕኖ ከጊዜና ከፍጥነት ጥምር ተጽዕኖ ጋር ተደባልቆ ይወጣልና። የተጽዕኖዎችን መጠን በሚያሳየው ግራፍ ላይ ረዝሞ የሚታየው አሞሌ የየትኛው ጥንድ እንደሆነ ከዚያ መረጃ ማንም ሊለይ አይችልም። አቅም ካለ 16ቱን ሥሩ።

ንድፉ ሲፈጠር ሙከራዎቹ በዕጣ ይደባለቃሉ። ይህን ምርጫ አታጥፉት። ማሽን ደጋግሞ ማሞቅና ማቀዝቀዝ አድካሚ ስለሆነ ተራውን በሙቀት መደርደር የተለመደ ነው፤ ያኔ ጠዋት ዝቅተኛው፣ ከሰዓት ከፍተኛው ይሠራና በመሃል የተቀየረው ጥሬ ዕቃ የሙቀት ውጤት መስሎ ይቀመጣል። በቀላሉ ለማይቀየር ፋክተር ስፕሊት ፕሎት የሚባለው፣ ያን ፋክተር ለተወሰኑ ሙከራዎች ሳይቀይር የሚያቆይ ንድፍ እዚያው አለ።

ከአንድ ቅንብር በተከታታይ የተወሰዱ 5 ናሙናዎችም 5 ድግግሞሽ አይደሉም። ማሽኑ ፈርሶ እንደገና ካልተቀናበረ ልዩነታቸው ጠባብ ይሆናል፣ የማይረባ ፋክተርም ጉልህ ይመስላል። አማካያቸውን እንደ አንድ ውጤት አስገቡ።

ድግግሞሽ ሳይኖር ሁሉም ጥምረት ሞዴሉ ውስጥ ከገባ በፒ ቫልዩ (ፋክተሩ ምንም ተጽዕኖ ባይኖረው እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመገኘት ዕድል) ቦታ ኮከብ ይወጣል። ፕሮግራሙ አልተበላሸም፤ ስህተትን የሚገምትበት መረጃ አልቀረለትም። ከሦስትና ከአራት ፋክተር ጥምረቶች ጀምራችሁ ተጽዕኖአቸው ትንሽ የሆኑትን ከሞዴሉ አውጡ።

ድክመቱ ምርጡን ቅንብር የሚፈልገው መሣሪያ፣ ሪስፖንስ ኦፕቲማይዘሩ ላይ ነው። ሞዴሉ ቀጥ ያለ፣ ሂደቱ ግን ጎባጣ ቢሆንም ምርጥ ቅንብር ብሎ ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ ከመነሻው ከ3 እስከ 5 የመሃል ነጥብ (ሁሉም ፋክተሮች በሁለቱ ደረጃዎቻቸው መሃል ሆነው የሚሠራ ሙከራ) ጨምሩ። የጉብጠቱ ፒ ቫልዩ ከ0.05 ካነሰ የፕሮግራሙን ንድፍ መቀየሪያ ትእዛዝ ከፍታችሁ በ16ቱ ላይ 8 የዘንግ ነጥቦች (አንድ ፋክተር ብቻ ከመሃል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚወጣባቸው ሙከራዎች) አክሉ። ከዚያ የተሰጠውን ቅንብር መስመሩ ላይ ደጋግማችሁ አሠሩት፤ ውጤቱ ከግምቱ ክልል ከወጣ ወደ ቀጣዩ የሲክስ ሲግማ ደረጃ፣ ወደ ቁጥጥሩ ምዕራፍ አትለፉ።